የመማሪያ ክፍል የመስማት ሁኔታ ልጆች ንግግርን በመረዳታቸው ላይ የሚያስከትለው ውጤት

አንድ መምህር በክፍል ፊት ቆሞ የተናገረው ቃል ሁሉ ወደ እያንዳንዱ ተማሪ ጆሮ እንደ ደረሰ ይገመታል። የትምህርቱ ዕቅድ፣ የመጽሐፉ አዘገጃጀት፣ የፈተናው አወጣጥና የውጤቱ ትንተና የሚመሠረቱት በዚሁ ግምት ላይ ነው። ተማሪው መልሱን ሲስት አላጠናም፣ ወይም አእምሮው ዝግ ያለ ነው፣ ወይም ልቡ ከትምህርቱ አልነበረም ይባላል። ቃሉ መጀመሪያውኑ በትክክል ሊሰማ በሚችል ሁኔታ ደርሶት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከትምህርቱ ሰዓት ከፍተኛው ክፍል የሚያልፈው በማዳመጥ መሆኑ የታወቀ ነው። መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ክፍል ደግሞ የመምህሩ ድምፅ የመጽሐፉንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ ድምፁ የሚያልፍበት ክፍል እንደ ሰሌዳውና እንደ ጠመኔው ሁሉ ራሱን የቻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ንግግር በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝና በምን ምክንያት እንደሚበላሽ፣ ብልሽቱም ከዐዋቂዎች ይልቅ ልጆችን ለምን እንደሚጎዳ ማብራራት፣ እንዲሁም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊወስዷቸው የሚችሏቸውን እርምጃዎች ማመልከት ነው።

ርቀት

ንግግር ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ወደ ልጁ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ሦስት መሰናክሎች ያጋጥሙታል። እነርሱም ርቀት፣ ጫጫታና የድምፅ ማስተጋባት ናቸው። ሦስቱም ለየብቻቸው ሊጠኑ ቢችሉም በክፍል ውስጥ ጉዳት የሚያደርሱት ተጋግዘው ነው።

ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እየተሠራጨ ይደክማል። በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ዴሲቤል የድምፅ መጠን የሚለካበት ስያሜ ነው። ለምሳሌ ያህል መምህሩ ጥቂት ጮክ ብሎ ሲናገር ድምፁ ከአፉ 1 ሜትር ርቆ ሲለካ 65 ዴሲቤል ነው ቢባል፣ በ2 ሜትር 59፣ በ4 ሜትር 53፣ በ8 ሜትር 47 ዴሲቤል ይሆናል። በክፍል ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ድምፁን ስለሚመልሱት ቅነሳው ይህን ያህል አይደርስም። ይሁን እንጂ ወደ ኋላው ረድፍ የሚደርሰው ድምፅ አብዛኛው ከግድግዳና ከጣሪያ የተመለሰ ስለሆነ መጠኑ ቢበቃ እንኳ ጥራቱ ይጎድላል።

ጫጫታ

ንግግርን ለመረዳት የድምፁ መጠን ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ ነገር የንግግሩ ድምፅ በዚያው ሰዓት ከሚሰማው ጫጫታ በስንት ዴሲቤል ይበልጣል የሚለው ነው። ይህ ልዩነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የንግግር ብልጫ» እየተባለ ይጠራል።

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ በክፍሉ ውስጥ 50 ዴሲቤል የሚደርስ ጫጫታ ቢኖርና የግድግዳው ምላሽ ለጊዜው ባይታሰብ፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠው ልጅ የ9 ዴሲቤል ብልጫ ያገኛል። በ8 ሜትር ርቀት ላይ ላለው ግን ጫጫታው ንግግሩን በ3 ዴሲቤል ይበልጠዋል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ መምህር ቢማሩም የሚሰሙት ትምህርት አንድ አይደለም። የመስማት ጉዳይ ባለሙያዎች ለመማሪያ ክፍል ተስማሚ ነው የሚሉት የንግግር ብልጫ 15 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በትምህርት ሰዓት ወደ ክፍል የሚገባው ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የመማሪያ ክፍሎች የድምፅ ደረጃም ለተለመደ ክፍል ይህንኑ ቁጥር ተቀብሏል።

የክፍል ጫጫታ ምንጭ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው የመኪና፣ የወፍጮ፣ የገበያና የሜዳ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከጎረቤት ክፍል በስስ ግድግዳ ወይም በጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት አልፎ የሚገባው ነው። ሦስተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያሰሙት የመንሾካሾክ፣ የዴስክ መንቋቋትና የእግር ድምፅ ነው።

ጫጫታ ሲበረታ ተናጋሪው ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ጠባይ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. ስለ ገለጸው በስሙ ይጠራል። መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተማሪዎቹም እርስ በርስ ለመሰማማት ከፍ ያደርጋሉ፤ በዚህም ሁኔታ ጫጫታው ጫጫታን እየወለደ ይሄዳል። ጩኸት የሚያጎላው ደግሞ ከሁሉ በፊት አናባቢዎችን ነው። ለቃሉ መለያ የሆኑት ተነባቢዎች በዚያው መጠን ስለማይጎሉ መምህሩ ጉሮሮውን የደከመበትን ያህል ፍሬ አያገኝም።

የድምፅ ማስተጋባት

ድምፅ ከጠጣር ነገር ጋር ሲጋጭ ይመለሳል። ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነገር ሲያገኝ ግን ይመጠጣል። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ጠጣር በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቶሎ ሳይጠፋ ይቆያል። መጠኑ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ ድረስ የሚወስደው ጊዜ የማስተጋባት ጊዜ ይባላል።

የዚህ ጥናት መነሻ ራሱ የመማሪያ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ያሠራው አንድ አዲስ አዳራሽ ንግግር የማይለይበት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን እንዲመረምር የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ባደረገው ልኬት ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ ከ5 ሴኮንድ በላይ እንደሚቆይ ደረሰበት። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር የፊተኛው ገና አልጠፋም ነበር ማለት ነው። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ፣ ቁጥራቸውን እየጨመረና እየቀነሰ ልዩነቱን ለካ። ከዚህም ሥራ የማስተጋባት ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር እንደሚጨምርና ድምፅ መጣጭ ነገር በበዛ መጠን እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ሕግ አወጣ። ለድምፅ መምጠጥ መለኪያ የመረጠው የተከፈተ መስኮትን ነበር፤ በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

ሕጉን በአንድ የተለመደ ክፍል ላይ መሞከር ይቻላል። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳውና ጣሪያው የተለሰነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። በዚህ ዓይነት ክፍል ያሉት ገጽታዎች ሁሉ ተደምረው የሚመጡት ድምፅ 8 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የተከፈተ መስኮት ከሚያስወጣው ጋር ሊመጣጠን ይችላል። ይዘቱ በ0.16 ተባዝቶ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የማስተጋባቱ ጊዜ 3.4 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። የሰው ሰውነትና ልብስ ድምፅ ስለሚመጡ 50 ተማሪዎች ሲገቡ፣ እያንዳንዳቸው 0.3 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣሉ ቢባል፣ ጊዜው ወደ 1.2 ሴኮንድ ይወርዳል። ከላይ የተጠቀሱት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያና የአሜሪካው ደረጃ ለዚህ መጠን ላለው ክፍል የሚመክሩት 0.6 ሴኮንድ ነው። ከሚያርፍበት ድምፅ ግማሹን የሚመጥ ኮርኒስ ቢሠራለት ተማሪዎቹ በገቡበት ሰዓት ጊዜው ከ0.6 ሴኮንድ በታች ይሆናል። ክፍሉ ባዶ ሳለ ግን ገና 0.8 ሴኮንድ ያህል ነው። የአሜሪካው ደረጃ የሚለካው በባዶ ክፍል ስለሆነ የጎደለውን ለመሙላት የኋላውን ግድግዳ በከፊል መሸፈን ያስፈልጋል።

ከግድግዳ የሚመለስ ድምፅ ሁሉ ጎጂ ነው ማለት ግን አይደለም። ከመምህሩ አፍ በቀጥታ ከመጣው ድምፅ በኋላ በ50 ሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ የደረሰው ምላሽ ጆሮ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚያዋህደው ንግግሩን ያጠነክረዋል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ምላሽ ግን በሚቀጥለው ቃል ላይ እየተደረበ ያደበዝዘዋል።

ከቃሉ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው

ጫጫታና ማስተጋባት ቃልን በሙሉ አያጠፉትም፤ ከፊሉን ይሸርፉታል። አናባቢዎች ኃይል ስላላቸው ከሩቅ ይሰማሉ። ተነባቢዎች ግን ድምፃቸው ደካማ፣ ቆይታቸውም አጭር ነው። ይሁንና የአንዱን ቃል ትርጉም ከሌላው የሚለዩት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

በአማርኛ ይህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይጠይቃል። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀዳ» እና «ከዳ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩት በጉሮሮ ግፊት የሚወጣውን ተነባቢ ያለ ግፊት ከሚወጣው በመለየት ብቻ ነው። የግፊቱ ምልክት ከድምፁ በፊትና በኋላ ያለው እጅግ አጭር ዝምታና ዝምታውን ተከትሎ የሚሰማው ፍንዳታ ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የቀደመው አናባቢ ጅራት ይህን ዝምታ ይሞላዋል፤ ምልክቱም ይደበቃል።

መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል። «ዋና» ሲላላ የውኃ ስፖርት፣ ሲጠብቅ ግን ከሌላው የሚበልጠው ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል የሚል ትርጉም ይሰጣል። ልዩነቱ የተነባቢው ቆይታ ማጠርና መርዘም ስለሆነ ማስተጋባት በቀላሉ ያደበላልቀዋል። በአማርኛ አጻጻፍ ደግሞ የጠበቀውና የላላው በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ልጁ በጆሮው ያልለየውን ልዩነት ከሰሌዳው ላይ ሊያገኘው አይችልም። ትግርኛና አፋን ኦሮሞም የሚጠብቁና በጉሮሮ ግፊት የሚወጡ ድምፆች ስላሏቸው ችግሩ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

የዚህ ውጤት በቋንቋ ትምህርት ብቻ አይወሰንም። መምህሩ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ገበሬው ከ8 በጎች 3ቱን በ900 ብር ሸጠ» ሲል ልጁ «ሰጠ» ብሎ ቢሰማ፣ የሚሠራው ሒሳብ ከተጠየቀው ጋር አይገናኝም። በደብተሩ ላይ የሚታየው ግን የሒሳብ ስሕተት ነው።

ልጆች ከዐዋቂዎች ይበልጥ የሚጎዱበት ምክንያት

አንድ ዐዋቂ ሰው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቃላት ቢያመልጡት ከተቀረው ንግግር ተነሥቶ ይሞላቸዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው የብዙ ዓመታት የቋንቋ ሀብቱ ነው። ልጅ ግን ይህን ሀብት ገና በመሰብሰብ ላይ ነው። በተለይም መምህሩ አዲስ ቃል ሲያስተምር ልጁ ቀድሞ ያላወቀውን ቃል ከግምት ሊያገኘው አይችልም። ትምህርት ማለት ደግሞ በየቀኑ አዲስ ቃል መስማት ነው።

ከዚህም በላይ በጫጫታ ውስጥ ንግግርን ለይቶ የመስማት ችሎታ እስከ ጉርምስና ዕድሜ ድረስ በማደግ ላይ እንደሚቆይ ተደጋጋሚ ጥናቶች አሳይተዋል። የ6 ዓመት ልጅ የ12 ዓመቱን ልጅ ያህል ለመስማት ከፍ ያለ የንግግር ብልጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ክፍሉን ለመመርመር የመጣ ዐዋቂ ከኋላ ቆሞ «ደኅና ይሰማል» ቢል አስተያየቱ ስለ ልጆቹ መስማት ማስረጃ አይሆንም።

ከልጆቹም መካከል ይበልጥ የሚጎዱ አሉ። የመጀመሪያዎቹ የትምህርት መስጫው ቋንቋ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ናቸው። ጸጥ ባለ ክፍል በሁለተኛ ቋንቋው በሚገባ የሚረዳ ተማሪ ጫጫታ ሲነሣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚሰማው ጓደኛው ፈጥኖ ወደ ኋላ ይቀራል። በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ሲወስን ልጁ ወደ ላይኛው ክፍል በተሸጋገረ ጊዜ የጆሮው ሥራ አብሮ ከብዷል። ሁለተኛዎቹ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም እየተመላለሰ የሚያጠቃቸው ልጆች ናቸው። እነዚህ አንድ ሳምንት ደኅና ሰምተው በሌላው ሳምንት ስለሚሳናቸው እንደ ሰነፍ ወይም እንደ እልከኛ ይቆጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ መሆኑን አስታውቋል።

የጥናት ማስረጃዎች

የጫጫታ ጉዳት በትምህርት ውጤት ላይ በግልጽ ከታየባቸው ጥናቶች አንዱ በኒውዮርክ ከተማ የተደረገው ነው። በዚያ የሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ በተሠራ የባቡር ሐዲድ ላይ ይዋሰናል። አርሊን ብሮንዛፍትና ዴኒስ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በሐዲዱ ወገን ባሉ ክፍሎች የተማሩ ልጆች በንባብ ችሎታ በጸጥታው ወገን ከተማሩት ወደ ኋላ መቅረታቸውን አሳዩ። ልዩነቱ በ6ኛ ክፍል አንድ የትምህርት ዓመት ወደሚጠጋ ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ መጽሐፉና የትምህርቱ ሥርዓት አንድ ነው፤ የተለየው ልጆቹ የተቀመጡበት ወገን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሐዲዱ ሥር የጎማ ንጣፍ ተደረገ፤ በክፍሎቹም ጣሪያ ላይ ድምፅ መጣጭ ኮርኒስ ተሠራ። ብሮንዛፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባወጣችው ሁለተኛ ጥናት በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል የነበረው የንባብ ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ። ይህ ማስረጃ ለዕቅድ አውጪዎች ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ ሊወገድ የሚችል መሆኑንም ያመለክታልና።

ተመሳሳይ ውጤት በጀርመንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የሙኒክ ከተማ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ በሌላ ሥፍራ ሲከፈት፣ በአሮጌው አካባቢ የነበሩ ልጆች የንባብና የማስታወስ ችሎታ ሲሻሻል በአዲሱ አካባቢ ባሉት ላይ ጉዳት መታየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በታተመው ጥናት ደግሞ በኔዘርላንድ፣ በስፔንና በእንግሊዝ በትላልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ ባሉ 89 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 10 ዓመት የሆነ 2,844 ልጆች ተመርምረዋል። የአውሮፕላን ጫጫታ በጨመረ መጠን አንብቦ የመረዳት ችሎታ ዝቅ ማለቱ ተረጋግጧል።

በኢትዮጵያ ክፍሎች ውስጥ

በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ከየኔታ ፊት ቀርቦ በየተራ ያነባል። በመምህሩ አፍና በልጁ ጆሮ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም። በዛፍ ሥር ሲሆንም ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ዘመናዊው ትምህርት ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ለማስተማር ሲነሣ ይህን ቅርበት መተው ግድ ሆነበት። የኢትዮጵያ የትምህርት ልማት ዕቅዶች ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ የሚል መለኪያ አስቀምጠዋል፤ ከዚህ ቁጥር የሚያልፉ ክፍሎችም አሉ። የተማሪው ቁጥር ሲጨምር የመጨረሻው ረድፍ ይርቃል፤ ውስጣዊው ጫጫታም ይጨምራል።

የአሠራሩ ለውጥም የራሱ ድርሻ አለው። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ዝናብንም ሆነ ንግግርን ያለዝባሉ። የቆርቆሮ ክዳን፣ የብሎኬት ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ለዘለቄታነት፣ ለጽዳትና ለእሳት መከላከያ የተሻሉ በመሆናቸው መመረጣቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሣሩ ጋር አብሮ የሄደውን ጸጥታ የሚተካ ነገር ካልተደረገ ትርፉ ከኪሣራ ጋር የተቀላቀለ ይሆናል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክዳን ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ትምህርቱን ማቋረጡ የተለመደ ነው። ክረምቱ የሚበረታው ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም በብዙ አካባቢ ዝናቡ በሰኔ ይጀምራል፤ እስከ መስከረምም ይዘልቃል። መስከረም የትምህርት መጀመሪያ፣ ሰኔ ደግሞ የፈተና ወር መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የትምህርት ማሠራጫዎችም ከዚሁ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በሬዲዮ የሚሰጠው ትምህርትም ሆነ እ.ኤ.አ. ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሠራጨው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው ትምህርት፣ ከአንድ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ንግግር ነው። በክፍሉ የቆመ መምህር የኋላው ረድፍ ተማሪ ፊቱ ሲጨማደድ አይቶ ይደግማል፤ መሣሪያው ግን አይቶ አይደግምም። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የማጉያውን ድምፅ መጨመር የሚመለሰውንም ድምፅ አብሮ ስለሚጨምረው ችግሩን አያቃልልም።

መምህሩ ሊያካሂደው የሚችል ሙከራ

የክፍሉን የመስማት ሁኔታ ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአብዛኛው በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ቃላት በቂ ናቸው። ለዚህም «መጣ–መታ»፣ «ቀዳ–ከዳ»፣ «ቀበረ–ከበረ»፣ «ቀመረ–ከመረ»፣ «ነከሰ–ነቀሰ»፣ «ደበቀ–ጠበቀ»፣ «ሠራ–ዘራ»፣ «ሰጠ–ሸጠ»፣ «ፈራ–በራ»፣ «ማረ–ናረ» የሚሉት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

መምህሩ ከእነዚህ 20 ቃላት ቅደም ተከተላቸውን አደባልቆ በተለመደው ቦታው ቆሞ፣ በተለመደው ድምፁ ያነባል። ተማሪዎቹ ከከንፈሩ እንዳያነቡ አፉን በወረቀት ይከልላል፤ ወረቀቱ ግን ከአፉ ጋር ሳይጠጋ ድምፁን እንዳያፍን መጠንቀቅ ይገባል። ተማሪዎቹ የሰሙትን ይጽፋሉ። በማግሥቱ የፊተኞቹና የኋለኞቹ ቦታ ተለዋውጠው ቅደም ተከተሉ በተለወጠ ዝርዝር ሙከራው ይደገማል። ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ተመሳሳይ ጥንዶች ይመረጣሉ። ፊደል ገና ያልለዩ ልጆች ከሆኑ ደግሞ በመጻፍ ፈንታ ሥዕል እንዲያመለክቱ ይደረጋል።

የውጤቱ አተረጓጎም ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ብዙ ስቶ ከፊት ሲቀመጥ ካስተካከለ ጉድለቱ የክፍሉ ነው። በሁለቱም ቦታ ከሳተ የጆሮ ምርመራ እንዲደረግለት ለወላጆቹ ማሳወቅና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ይገባል። አብዛኛው ክፍል በሁለቱም ቀን ከሳተ ጫጫታው ወይም ማስተጋባቱ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ያሳያል። ይህን ለማረጋገጥ መስኮቱ ተከፍቶና ተዘግቶ፣ የጎረቤት ክፍል ጸጥ ባለበትና በሚያነብበት ሰዓት ሙከራውን መድገም ይቻላል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

በመምህሩ እጅ ያለው የመጀመሪያው እርምጃ ርቀትን ማሳጠር ነው። አዲስ ቃልና ትእዛዝ የሚነገረው ከሰሌዳው ሥር ተቆሞ ሳይሆን ወደ ክፍሉ መካከል ተጠግቶ፣ ፊትን ወደ ተማሪዎቹ መልሶ ሊሆን ይገባል። ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፉ መናገር ድምፁንም የከንፈሩንም እንቅስቃሴ ከልጆቹ ይነሣል። የመቀመጫ ቦታ በየሳምንቱ ቢዘዋወር አንድ ልጅ ዓመቱን በሙሉ በአንድ መጥፎ ቦታ አይቀርም። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ግን ከፊት መነሣት የለበትም። ረጋ ብሎ መናገር፣ ከዓረፍተ ነገር በኋላ ጥቂት ማረፍና አዲሱን ቃል በሰሌዳ ላይ መጻፍ ከጩኸት ይልቅ ይጠቅማል። «ገባችሁ?» ብሎ በኅብረት «አዎ» መባልም የመስማት ማስረጃ አይደለም፤ ከኋላ ረድፍ አንዱን ጠርቶ የሰማውን እንዲደግም ማድረግ የተሻለ ነው።

በርዕሰ መምህሩ ሥልጣን ሥር ያለው ደግሞ የጊዜና የቦታ አመዳደብ ነው። በኅብረት የሚነበብበት ክፍለ ጊዜና ጎረቤቱ ክፍል ፈተና የሚሰጥበት ሰዓት እንዳይጋጭ፣ የስፖርት ሜዳው ከመስኮት ሥር እንዳይሆን፣ ለመንገድ ቅርብ የሆነው ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች እንዳይሰጥ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። የዴስክ እግሮችን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ማልበስም በትንሽ ድካም ብዙ ጫጫታ ያስቀራል።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ከሁሉ የሚልቀው ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ነው። የትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥ ከአውራ መንገድ፣ ከገበያና ከወፍጮ ቤት መራቅ አለበት። በክፍሎች መካከል የሚሠራው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ካልደረሰ የሁለቱ ክፍሎች ትምህርት ይቀላቀላል። ከቆርቆሮው በታች የሚሠራ ኮርኒስ የዝናቡን ድምፅ ይቀንሳል፤ ድምፅ ከሚመጥ ነገር ከተሠራ ደግሞ ማስተጋባቱንም ያሳጥራል። በዚህ ረገድ ስስና የተወጠረ ጨርቅ ወይም ላስቲክ እምብዛም አይጠቅምም፤ ወፈር ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበትና ከጀርባው የአየር ክፍተት ያለው ነገር ያስፈልጋል። ለእሳትና ለተባይ የማይመች መሆኑም አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል። ገንዘቡ ለሙሉ ጣሪያ የማይበቃ ከሆነ ከመምህሩ ራስ በላይ ያለውን የጣሪያ ክፍል ጠጣር አድርጎ ትቶ የጣሪያውን ዳርና የኋላውን ግድግዳ መሸፈን ይመረጣል። ጠጣሩ ክፍል ንግግሩን ወደ ኋላ ይልካል፤ የተሸፈነው ደግሞ ዘግይቶ የሚመለሰውን ያስቀራል። መስኮቶችም ጫጫታ ወደሌለበት ወገን ቢከፈቱ አየርና ጸጥታ አብረው ይገኛሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው ልጅ በክፍል ውስጥ የሚረዳው ትምህርት መምህሩ በተናገረው ብቻ ሳይሆን ቃሉ በደረሰበት ሁኔታ ይወሰናል። ርቀት፣ ጫጫታና ማስተጋባት ተነባቢዎቹን ሸርፈው ሲያስቀሩ፣ የቋንቋ ሀብቱ ገና ያልዳበረ ልጅ የጎደለውን ሊሞላ አይችልም። ጉድለቱ በፈተና ወረቀት ላይ ሲታይ ግን የክፍሉ ስም አይጻፍበትም፤ የሚጻፍበት የልጁ ስም ነው።

ስለዚህ ልጁ ክፍል እንዲደግም ወይም ዝቅተኛ ችሎታ ያለው ነው ተብሎ እንዲመዘገብ ከመወሰኑ በፊት በ20 ቃላት የሚደረገው ምርመራ ሊቀድም ይገባል። ለአዲስ ሕንፃም የግድግዳው፣ የመስኮቱና የዴስኩ ዝርዝር ሲወጣ፣ በመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጠው የ7 ዓመት ልጅ ምን ይሰማል የሚለው ጥያቄ አብሮ በዝርዝሩ ሊገባ ያስፈልጋል።